ገጽታችንን ማን ሠራው? የኮረሟ ጠዋት ጉዳይ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በሰሜን ኢትዮጵያ ከምትገኘው ኮረም ስለ ረሃቡ አንድ ዜና አስተላለፈ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር፤ ዘገባውን የሠራው ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል በርክ። ምስሉ በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ላይ ታየ። ከዚያ በፊት ፈረንጅ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ነገር ቢኖር አበበ ቢቂላን፣ ጃንሆይን፣ ትንሽ ያነበበ ከሆነም ላሊበላንና አድዋን ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ተረሳ። አርባ ዓመት አልፎትም እንኳ፣ ዋሽንግተን ይሁን ስቶክሆልም፣ «ከየት ነህ?» ተብሎ «ከኢትዮጵያ» ያለ ሰው የጠያቂው ፊት ላይ ያቺን ጠዋት ያያታል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አሜሪካ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆቻችን ደግሞ በቀልድ መልክ ነው የደረሰቻቸው። ስለ ክሳት፣ ስለ ባዶ ሳህን። መቼም ልጆች ሲቀልዱ አይምሩም።

ያንን ዘገባ ለመርገም አይደለም የምጽፈው። እርግማኑን ሰምተን ጠግበናል። ደግሞም ያ ዘገባ ባይሠራ ኖሮ ሊሞቱ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ምስል እንዲህ ብቻውን ገንኖ የቀረው፣ የኛው መንግሥታት «የሀገር ገጽታ እንዳይበላሽ» ብለው ሌላውን ሁሉ ስለደበቁ ይመስለኛል። ግማሹን ቢቢሲ ሠራው፣ ግማሹን እኛ። ይህ አባባል አንዳንዱን ያስቆጣ ይሆናል። ታሪኩን ከነዝርዝሩ እንየውና ከዚያ ተቆጡ።

መጀመሪያ ምስሉ። ጎህ ሲቀድ ነው። ሜዳው ላይ ጉምና ጭስ ተደባልቋል። ብርዱ ያስታውቃል፤ ኮረም ደጋ ነች፣ ሌሊቷ አጥንት ድረስ ይገባል። ሰዉ ጋቢውን፣ ቡልኮውን፣ ያገኘውን ጨርቅ ተከናንቦ መሬት ላይ ተኮራምቷል። ካሜራው ሳይቸኩል ያልፋል። አንድ ፊት፣ ሌላ ፊት፣ ሌላ ፊት። ቀጥሎ የተገነዙ አስከሬኖች በተርታ። ከነሱ መሀል አንዲት እናትና የሁለት ወር ልጇ ባንድ ላይ ተከፍነዋል። የመሐመድ አሚን ችሎታ እዚህ ላይ ነው፤ አያጯጩህም፣ አያሯሩጥም፣ ዝም ብሎ ያሳያል። በርክ ደግሞ ረሃቡን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» አለው። ሜዳ ሙሉ ሰው ነጠላና ጋቢ ለብሶ ሲታይ፣ ለአውሮፓ ተመልካች ቃሉ ልክ ገጠመለት። አዲስ ነገር አላሳየውም፤ ልጅ ሆኖ ሰንበት ትምህርት ቤት ያየውን ሥዕል ነው የቀሰቀሰበት።

«ይህማ ቪዲዮ እንጂ ፎቶ አይደለም» የምትሉ ልክ ናችሁ። ግን ሰው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው የቆመ ምስል ነው። ጋዜጦችና መጽሔቶችም ወዲያው ፎቶ አንሺዎቻቸውን ላኩ፤ ያቺው ጠዋት በየሽፋኑ፣ በየፖስተሩ፣ በየእርዳታ ድርጅቱ ፖስታ ላይ ተባዛች። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የሚባለው ትልቅ ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሰባሰበው በሷ ነው።

አሁን ደግሞ ምስሉ ውስጥ የሌለውን ፈልጉ። ስም የለም። ስለ ሰዎቹ የሚያወሩት ጋዜጠኛውና የውጭ ሐኪሞች ናቸው። ጦርነቱም የለም። ያኔ ሰሜኑ እሳት ላይ ነበር፤ መንግሥትና አማፅያን ይዋጋሉ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ በአውሮፕላን ይደበደባል፣ ገበሬው እህሉን ይዞ የሚሄድበት ያጣል። ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመት ሰው ያለቀው ግን ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ካሜራ የተሰነጠቀ መሬትና የከሳ ሰው ማንሳት ይችላል። የጦር ዕቅድ ግን ፎቶ አይወጣም። ስለዚህ ዓለም ያየው ሰማይ የጨከነበትን ሕዝብ ነው። እኛም ቆይተን ራሳችንን እንደዚያው ማየት ጀመርን። «ድርቁ» እንላለን፣ «ሰባ ሰባት» እንላለን፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳናነሳ እናልፈዋለን።

ታዲያ ምስሉ ለምን በድንገት ፈነዳ? ከዘገባው ስድስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ትልቅ ድግስ ላይ ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ገና መመሥረቱ ነው። ከተማዋን ለማስጌጥ ሰሜን ኮሪያውያን መጥተዋል። የትግላችን ሐውልት ተመርቋል። አብዮት አደባባይ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በትልልቁ ተሰቅለዋል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በመጋቢት 1976 ለጋሽ አገሮችን ሰብስበው አደጋው እየመጣ ነው ብለው ተናግረው ነበር። ለጋሾቹም ቸል አሉ። የኛዎቹ ደግሞ በዓሉ እስኪያልፍ ጋዜጠኛ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ እንዳይወጣ ከለከሉ። ሰልፉ፣ ታንኩ፣ ቀይ ባንዲራው በጥሩ ጥራት ተቀረፀ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ታተመ። እነዚያን ፎቶዎች ዛሬ ማን ያስታውሳቸዋል? ፈቃዱ ሲለቀቅ ግን ለወራት ታፍኖ የቆየው ነገር ሁሉ አንድ ካሜራ ላይ ወደቀ። ሰው ገና መራብ ሲጀምር፣ ከብቱን ሲሸጥ፣ ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ የሚያሳይ ምስል በመሀል አልወጣም። ዓለም በቀጥታ መጨረሻውን አየ።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ያው ነገር ተፈጥሮ ነበር። የጃንሆይ መንግሥት ደበቀው። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶ ይዘው ተመለሱ፣ ግቢ ውስጥም ለዕይታ አቀረቡት። ይህን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔም ብዙ ጊዜ ሲነሳ አልሰማም። የኢትዮጵያን ረሃብ በፎቶ ለማጋለጥ የሞከረው መጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ነው። አልተሰማም። ከዚያ በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም ሠራና በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየው። ያኔ ተሰማ።

ደርግ ያንን ፊልም እንዴት እንደተጠቀመበት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ግን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሥጋ የሚበሉ ውሾች እያስገባ ነው። የሚሞት ሕፃን፣ ከዚያ ኬክ። የምትወድቅ እናት፣ ከዚያ ውሻ። ማንም ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጃንሆይም እንዲያዩት መነገራቸው ይወራል። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ መንግሥት አውጥተው ቮልስዋገን ውስጥ አስገቧቸው። ያችን ትንሽ መኪና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የሦስት ሺህ ዓመት ነው የሚባለው ዙፋን መጨረሻው የቮልስ የኋላ ወንበር ሆነ። መኪናው ሆን ተብሎ የተመረጠ ከሆነ፣ የመረጠው ሰው ስለ ምስል ጉልበት የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ ያየው መንግሥት አሥር ዓመት ቆይቶ ያንኑ ስህተት ደገመው።

ወሎ በሚያልቅበት ጊዜ ሌላ ዓይነት ፎቶም በዓለም እየዞረ ነበር። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ፖስተር ታውቁታላችሁ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በስልሳዎቹ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) የቱሪዝም ድርጅቱን ሲያቋቁሙ ያወጡት ነው። ጎበዝ ሥራ ነበር። ላሊበላ፣ ጢስ ዓባይ፣ ስሜን ተራራ፣ ሹሩባ የተሠራች ጥልፍ ለባሽ ቆንጆ። እነዚያ ፖስተሮች ከሀገር የወጡት ለቱሪስት ነበር፣ ቆይተው ግን ወደ ኛው ተመለሱ፤ ለንደንም ሆነ ሎስ አንጀለስ የትኛውም ሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሄዳችሁ እዩ። ስደተኛ ልጁን «ሀገርህ ይህች ናት» ብሎ ያስተማረው ለፈረንጅ በታተመ የማስታወቂያ ወረቀት ነው። አልነቅፍም፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ፖስተሩና ኮረም አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ብቻ ይታይ ስለተባለ ሌላው ጉድ ሆኖ ወጣ።

አበበ ቢቂላንም እዩት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ፣ ያውም ጣሊያኖች ዘርፈው በወሰዱት የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በሩጫ ሚዛን ቶኪዮ ይበልጣል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ግን የሮሙ ነው። ባዶ እግር ያምራላ! ታሪክ አለው፣ ድህነትም ኩራትም አለበት፣ ለውጭ ሰውም ቶሎ ይገባዋል። ሰውየው ያኔ ጫማው እግሩን ስላልተመቸው ነው የተወው፤ ልምምዱንም በባዶ እግሩ ሲያደርግ ኖሯል። ፎቶው ግን ይህን አይነግርህም።

ወደ ኋላ ከሄድን ነገሩ ከጅምሩ እንዲህ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ የለም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1868 ሐምሌ፣ ከመቅደላ ወራት በኋላ፣ ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው። ሰባት ዓመቱ ነው። ሀዘን የተጫነው ፊት፣ የማያውቀው ሰው ቤት። የአባትየው መልክ ለሠዓሊ ተለቀቀና እያንዳንዱ ትውልድ ሹሩባቸውን እንደወደደው ሠራላቸው፤ የልጅየው መልክ ግን የማራኪው ሀገር መስታወት ላይ ደርቆ ቀረ።

ምኒልክ የካሜራን ነገር ቶሎ ገባቸው። አዲስ አበባ ላይ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ከሱ በኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፤ ያ ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ነገሥታቱን ሲያነሳ ኖረ። ፎቶው ለአውሮፓ ነገሥታት ስጦታ ይላካል። ትርጉሙ «እኛም እንደናንተው ነን» ነው፤ አድዋን ያየ ሁሉ ያምናል። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ካሜራው ወደ ውስጥ ዞረ። ልጅ ኢያሱን ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶ እየተሠራጨ «እስልምናን ተቀብለዋል» ተባለ፣ መስከረም 17 ከሥልጣን ወረዱ። ፎቶው የተቀነባበረ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ያኔም በፎቶ መንግሥት ይገለበጥ ነበር። ፌስቡክ የጀመረው ነገር አይምሰላችሁ።

የጃንሆይ የንግሥ ፎቶ ከኛ ቁጥጥር ውጭ የሄደበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1930ው ዘውድ መጫን በኋላ ጃማይካ ውስጥ ሊዮናርድ ሃወል የሚባል ሰባኪ የንጉሡን ፎቶ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ሃይማኖት ወጣ። እኛ ሳናውቅ። ጣሊያኖችም በወረራው ዘመን ወታደሮቻቸው ከተቆረጠ የአርበኛ ራስ ጋር ቆመው ፎቶ ይነሱ ነበር፤ ለኩራት ያነሱት ፎቶ ከጦርነቱ በኋላ የወንጀላቸው ማስረጃ ሆነ።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ለሌላ ሰው የተነሳ ነው። ለንጉሥ፣ ለቱሪስት፣ ለለጋሽ። ለራሳችን ያነሳነውስ?

እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ የመነሳት ነገር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ጎንደር፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ ተዳርሶ ነበር። አንዱን ተራ ፎቶ ውሰዱ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከመ። ወጣት ባልና ሚስት። እሱ ቆሟል፣ እሷ ተቀምጣለች። ከኋላቸው በቀለም የተሠራ ሐይቅና ዛፍ አለ፣ የትም ሀገር የሌለ ሐይቅ። የሱ ኮት ትከሻው ላይ ሰፋ ብሏል፣ ምናልባት የፎቶ ቤቱ ነው። ግራ እጁን እንዴት እንዳስቀመጠ እዩ፤ እጅጌው ወደ ላይ ተስቦ ሰዓቱ እንዲታይ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ራዲዮ። ራዲዮው የማንም አይደለም፣ የቤቱ ነው፣ ከነሱ በፊት የተነሳውም ይዞታል፣ ከነሱ በኋላ የሚነሳውም ይይዘዋል። ማንም አይስቅም። ፎቶ የቁም ነገር ነው፣ ሳቅ ምን ሊሠራ?

ፎቶውን ግልብጥ አድርጉት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ለማን፣ ከማን፣ የት ከተማ፣ በስንት ዓ.ም.። አንዳንዱ ግጥም ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ የሚያሳፍር የፍቅር ቃል።

ለኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ጀርባ ነው። የኮረሙ ምስል ጀርባ የለውም። የፖስተሯም ቆንጆ እንደዚሁ፤ ማን ናት? ማንም አያውቅም፣ «የኢትዮጵያ ሴት» ናት። በሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓዙ የተነሱትን ፎቶዎች ያየ ሰው ግንባራቸው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አይረሳም። ቁጥር ናት። ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ተብሎ ነው፣ ምክንያቱ ደግ ነው። ግን እስራኤል ውስጥ የተወለደ ልጅ አያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በታሪክ መጽሐፍ ሲያያቸው ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው።

ስም ሲገኝ ምን እንደሚሆን ደግሞ ብርሃን ወልዱን እዩ። በ1977 መቀሌ ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረፃት፣ በሕይወት አትተርፍም የተባለች ሕፃን ነበረች። ፊቷ ላይቭ ኤድ ላይ ታየ። ተርፋ አደገች፣ ግብርና ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆመች። ሃያ ዓመት «የረሃብ ፊት» የነበረችው ልጅ ስም እንዳላት ያኔ ብዙ ሰው አወቀ። ያ ሁሉ የተገኘው ጋዜጠኛው ተመልሶ ስለፈለጋት ነው። የቀሩትን ማን ፈለጋቸው?

ጉርድ ፎቶ ሌላ ታሪክ አለው። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል። ደህና አድርጋችሁ ካያችሁት ግን አንዱም ለሙዚየም የተነሳ አይደለም። ለመታወቂያ፣ ለተማሪ ካርድ፣ ለምረቃ የተነሳ ነው። አፍሮ ያበጠረ፣ ሰፊ ኮሌታ ያወጣ፣ ጋውን የለበሰ። ቀጥ ብለው ነው የሚያዩህ፣ ምክንያቱም ፎቶ አንሺው «ወደዚህ እይ» ብሏቸዋል። ያኔ በአሰሳው ሰሞን ስንቱ ቤተሰብ ከጓደኛ ጋር የተነሳውን ፎቶ ምድጃ ውስጥ ጨምሯል፤ አብሮ መነሳት ብቻ ያስገድል ነበር። የተረፈው እናት ሻንጣ ሥር የደበቀችው ነው። መንግሥት አብዮት አደባባይ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የደም ጠርሙስ ሲሰብሩ የሚያሳይ ፎቶ አተመ፤ እናት ጉርድ ፎቶ ደበቀች። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ለልጄ ማሳየት ብፈልግ የእናትየዋን ነው የማሳየው።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነገሮች መነቃነቅ ጀምረዋል። አይዳ ሙሉነህ በልጅነቷ ከሀገር ወጥታ፣ አሜሪካ ተምራ፣ ዋሽንግተን ፖስት ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ጀመረች። የተነሳችበት ነገር ይኸው ነው፤ ስለኛ ሌላ ሰው ያነሳውን ብቻ ለምን እናያለን የሚል። የሷን ፎቶዎች ያየ ያውቃል፣ ፊቱ በቀለም ተቀብቶ፣ ልብሱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ «እውነተኛዋን ኢትዮጵያ ላሳያችሁ» አትልም፣ የራሷን ዓለም ነው የምትፈጥረው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የሚል ሥራም ወጣ፤ ጥቂት ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የድሮ ፎቶ እየሰበሰቡ መጽሐፍ አደረጉት። ሚኒስከርት፣ የመዋኛ ልብስ፣ ሽርሽር፣ የቤት ውስጥ ዳንስ። ፎቶ አንሺው ሙሉጌታ አየነ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን የወደቀ ጊዜ የሟች ቤተሰቦችን ሀዘን አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ታጨ። የኢትዮጵያን ሀዘን ኢትዮጵያዊ አነሳው ማለት ነው። (መሐመድ አሚን ራሱ ሕይወቱ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ነው። አንዳንዴ ታሪክ ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።)

ግን ወጥመዱ አለቀቀንም። የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ በየገጹ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚጻፈውን አንብቡ፤ «ኧረ እንዴት ያለ ዘመን ነበር»፣ «ሰው ነበርን እኮ»። በዚያው ዓመት ወሎ ላይ ምን እንደነበር የሚያነሳ የለም። የአልበሙ ፎቶ ቆንጆ ነው፣ ግን የከተማ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ቤት መግባት የቻለ ሰው ፎቶ ነው። ያ ወሎዬ ገበሬ አልበም አልነበረውም። እሱን ያነሱት እንደ መሐመድ አሚን ያሉት ናቸው። ስለዚህ «የኮረምን ፎቶ አንሱ፣ ይህን ስቀሉ» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ሁለቱም ይሰቀሉ፣ ጎን ለጎን። አሁን በድሮን እየተነሳ የሚለቀቀው የአዲስ አበባ የሌሊት መብራትም እንዲሁ ነው፤ ያምራል፣ ማማሩ እውነት ነው፣ ግን «የገጽታ ግንባታ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ከፍሬሙ ውጭ ማን ቀረ ብዬ እጠይቃለሁ። በ1965ም፣ በ1977ም ያልተጠየቀው ጥያቄ እሱ ነው። በቅርቡ ጦርነትም ሁላችንም አይተነዋል፤ የሌላ ሀገር ፎቶ፣ የሌላ ዘመን ፎቶ፣ በየወገኑ «ይኸው ማስረጃ» እየተባለ ሲዞር። ያልተፈቀደ ካሜራ ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ ውሸት ይሞላዋል።

ሌላው ችግር መዝገብ ነው። ከጃንሆይ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች አንዱ የነበሩት ሽመልስ ደስታ በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ሄዱ፣ ሥራዎቻቸውም እዚያ ተረፉ፣ እዚያው ለዕይታ ቀረቡ። እሰየው፣ ተረፉ። የቀሩት ፎቶ ቤቶችስ? ባለቤቱ ሲሞት፣ ሱቁ ሲፈርስ፣ ልጆቹ ሞባይል መጠገኛ ሲከፍቱበት፣ የስንት ሺህ ሰው ኔጋቲቭ በካርቶን ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ኔጋቲቭ ለማያውቀው ሰው ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

ትልቁን መዝገብ መንግሥት ይሥራው፣ ዩኒቨርሲቲ ይሥራው፣ እኔ አላውቅም። ቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻለውን ግን ልንገራችሁ። አልበሙን አውርዱና እናታችሁ ወይም አያታችሁ ፊት ዘርጉት። እያንዳንዱን ጠይቁ፤ ይህ ማነው፣ የት ነው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው። «እሱን እንኳ ተይው» የሚሉት ፎቶ ካለ እሱን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዘግይቶ ወደ ፊት ስለሚወጣ ፊቱን ያበላሻል። ከዚያ በስልካችሁ ሁለቱንም አንሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም።